የእሳት ቤቱ ምልክት

አገሩ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱን ግን አትጠይቁኝ። ደጋ ነው። ኅዳር ሲገባ ውርጩ የጎመን ቅጠል ያሳርራል፤ በዚያ ወር እሳት ያልነደደበት ቤት ከመቃብር ይቆጠራል።

በዚያ አገር ማንም በቤቱ እሳት አይለኩስም ነበር። በአያቶች ዘመን ከአንድ ጎጆ የወጣ እሳት ደኑን ሁሉ ስለበላው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተማማሉ። እሳት ከንጉሡ የእሳት ቤት ብቻ ይወጣል፤ የወሰደ ለጎረቤቱ አያካፍልም፤ በአንድ ምድጃም ከሦስት ቀን በላይ አያድርም። በሦስተኛው ቀን ምድጃው ይጠፋል፤ ባለቤቱም ገሉን ይዞ እንደገና ፍም ሊጭር ይወጣል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። ጎጆው አሥራ ሁለት ነበር። የእሳት ቤቱ ጠባቂ ሁሉንም በመልክ ስለሚያውቃቸው፣ «አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህም? እናትህ ተሻላት?» እያለ ፍሙን በገሉ ያደርግለት ነበር። ኋላ አገሩ ሰፋ። ከወንዝ ማዶ ሰው መጣ፣ ሜዳው ታረሰ፣ ገበያ ቆመ፣ ባለ እጁም ሸክላ ሠሪውም ሰፈረ። ጠባቂው ሰው መለየት ሲያቅተው የዚያን ዘመን ንጉሥ የመዳብ ምልክት አስቀረጹ። መዳፍ የምታህል፣ የንስር እግር የታተመባት። ያችን ያሳየ እሳት ያገኛል።

ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ለአራሷም፣ ብረት ለሚያግለው ባለ እጅም፣ ምንጣሮ ለሚያቃጥለው ገበሬም ያችው አንዷ ናት። የያዘ ሰው «ፍም» ካለ ፍም፣ «ችቦ» ካለ ችቦ ይሰጠዋል።

እያደር ለምልክቷ ወግ ወጣላት፤ ሹምም ተሾመላት። ይህ በሆነበት ዘመን ሹሙ ሊቀ ምልክት አስራደ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ትእዛዝ ምልክት በባዶ እጅ አይያዝም፤ በጨርቅ ይጠቀለላል። በዓመት አንድ ቀን ሕዝቡ ሁሉ ምልክቱን በሎሚ እየወለወለ በፊታቸው ያልፋል። በደንብ ላብለጨለጨ ይጨበጨብለታል። ከሁሉ የበለጡት ግን ሁለት ሕጎች ነበሩ። አንደኛው፣ ጠባቂ የምልክቱን ያዥ አያይም፤ የንጉሥ ማኅተም ካለ ወዲያ የሰው ፊት ማየት ንጉሡን መጠርጠር ነው ተብሏል። ሁለተኛው፣ ንጉሥ የሰጠውን መልሶ አይወስድም። ሰው ቢሞት ምልክቱ ለልጁ ይተርፋል፤ ቢጠፋበት ሌላ ይሰጠዋል፤ የጠፋውን ግን የሚጠይቅ የለም።

ደብሪቱ ከሦስቱ የእሳት ቤት መስኮቶች የመካከለኛው ጠባቂ ነበረች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ከታናሽ ወንድሟ ከቢያድግልኝ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። ሥራዋ ይህ ነበር፦ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ በመስኮቱ ቀዳዳ እጅ ይገባል፤ ምልክቱን በጣቷ ትዳስሳለች፤ የንስሩን እግር ስታገኝ «የንጉሥ ነው!» ትላለች፤ የተጠየቀችውንም ትሰጣለች።

ጣት ደግሞ ከዓይን የማያንስ ነገር ያውቃል። አንዳንዱ ምልክት ወፈር ይላል፤ የአንዳንዱ ጠርዝ ይቧጭራል። አንድ ቀን ወደ ሊቀ ምልክቱ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ከምልክቶቹ አንዳንዶቹ እዚህ የተሠሩ አይመስሉኝም።»

«የንስሩ እግር አለባቸው?»

«አለባቸው።»

«እንግዲያው የንጉሥ ናቸው።»

«በመንገድ ዳሩ ጠላ ቤት ደግሞ አንዱ ምልክት በሚስማር ተሰቅሏል። የበረደው ሁሉ እያወረደ ይመጣበታል ይባላል።»

«ቸርነት ነው» አሉ ሊቀ ምልክቱ።

«ለመሆኑ እስከ ዛሬ ስንት ምልክት ሰጥተናል?»

ሊቀ ምልክት አስራደ እንደ ተሳደበች ቆጠሩት። «የንጉሥ ቸርነት አይቆጠርም!» ብለው ከፊታቸው አባረሯት።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ እህሉ ታጭዶ በየአውድማው እንደተከመረ፣ አንድ ረፋድ ላይ ከሰፌድ ሜዳ ጭስ ተነሣ። የአንድ ገበሬ ክምር በሙሉ ነደደ። ሰዎች አመድ አፍሰው «ከንፋሱ ይሆናል» አሉ። በስድስተኛው ቀን ሁለተኛው ክምር ነደደ። ያን ጊዜ ንፋስ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ሰፌድ ሜዳ ክርክር ያለፈበት መሬት ነው። ደምመላሽ የሚባል የባላባቱ የወንድም ልጅ «ሜዳው የአባቴ ነው» ብሎ ገበሬዎቹን ከስሶ፣ በዚያው ክረምት በሸንጎ ተረትቷል። ስለዚህ ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበው ነገር ነበረው። ግን ማን ይናገራል? የባላባቱ ቤት ምልክቶች በሣጥን ተቆልፈዋል፤ ቆልፎ የያዘውም ባላባቱ ራሱ ነው፤ ደምመላሽ አንዱንም በእጁ አልያዘም። ማስረጃ የለም፤ አፍ ደግሞ ቀላሉን መንገድ ይወዳል። «ባለ እጁ ነው» ተባለ።

ባለ እጁ ሽበሺ የሚባል፣ የአገሩን ማረሻና ማጭድ ሁሉ የሚሠራ ሰው ነበር። ሰው ሥራውን ይፈልጋል፤ እሱን ግን ከሩቅ ነው ሰላም የሚለው። የመጀመሪያው ክምር ከተቃጠለበት ገበሬ ጋር በአንድ ማጭድ ምክንያት ተጣልቶ ነበርና በሸንጎ አቆሙት።

«ከአንተ የበለጠ እሳት የሚያወጣ ማን አለ?» አሉት ሊቀ ምልክቱ።

«ጌታዬ፣ እኔ ማጭድ የምሠራው ሰው እንዲያጭድበት ነው። የታጨደውን ካቃጠልኩ ከርሞ ለማን ልሠራ ነው?»

«ችቦ አልወሰድክም?»

«ችቦ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ፍም ነው። የእሳት ቤቱን ሰው ይጠይቁ።»

ደብሪቱ በሕዝቡ መካከል ቆማ ነበር። ክምሮቹ በነደዱባቸው በሁለቱም ጠዋቶች ችቦ የተጠየቀችው እሷ ነበረች። በአጨዳ ወራት ችቦ የሚጠይቅ የለምና ሁለተኛው ጊዜ ላይ ገርሟት ዘወር ብላ አይታለች። ፊት አላየችም፤ እጅ ብቻ። ለስላሳ እጅ፣ የትንሿ ጣት ጥፍር እንደ ስንዴ ዛላ የረዘመ። የሽበሺ እጅ ደግሞ ብልጭታ የበሳሳው፣ ጥፍሩ ሁሉ የተሰባበረ ነው። ይህን ማንም ያውቃል።

ግን «አየሁ» ካለች ሕግ አፍርሳለች። ሕግ ያፈረሰ ጠባቂ ከሥራው ይባረራል፤ ምድጃውም ዓመት ሙሉ ይጠፋል።

ሊቀ ምልክቱ ወደ ጠባቂዎቹ ዞሩ። «ያያችሁ አለ?»

የግራ መስኮት ጠባቂ «እኛ አናይም» አለ። የቀኝ መስኮት ጠባቂም «እኛ አናይም» አለ። ደብሪቱ መሬት መሬቱን እያየች፣ «እኛ አናይም» አለች።

ፍርዱ በማግስቱ ተፈጸመ። በእሳት ያጠፋ ሰው እሳቱ ይጠፋል ነው ሕጉ። ከሰባት ጎረቤት ሰባት ሰው፣ እያንዳንዱ አንድ ቅል ውኃ ይዞ ይገባና በምድጃው ላይ ያፈስሳል። የሽበሺ ሚስት አራስ ነበረች፤ ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ። ሕፃኑን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታይ ሰዎቹ ተራ በተራ ገቡ። የደብሪቱ ወንድም ቢያድግልኝ ሦስተኛው ነበር። ፍሙ ቸስ ሲል ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ። ሰባተኛው ከወጣ በኋላ ሽበሺን ወታደሮች ወደ ንጉሡ ግቢ ወሰዱት፤ እስከ ክረምት እንዲታሰር።

ቀኑ ሲመሽና ሲነጋ ውርጭ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደብሪቱ ጋቢ ይዛ ወደ አራሷ ቤት ሄደች። ፍም ልትሰጣት አትችልም፤ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላትና ለመውጣት ተነሣች።

«እትዬ ደብሪቱ» አለች አራሷ። ከንፈሯ ጠቁሯል። «ከገቡ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አላዩኝም። ምን አድርጌዎት ነው?»

ደብሪቱ በሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ መዝጊያውን ገፍታ ወጣች። እቤቷ ስትገባ ወንድሟ ምድጃ ዳር ይሞቅ ነበር፤ አብራው ሳትቀመጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆየች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስተኛው ክምር ነደደ።

ሽበሺ እንደታሰረ ነው። ሕዝቡ ወደ ንጉሡ ግቢ ጎረፈ። ንጉሡ ያረጁ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ።

«ታዲያ ይኸኛውን ማን አቃጠለው?» ብለው ጠየቁ።

«ዘመዶቹ ይሆናሉ፣ ጃንሆይ» አሉ ሊቀ ምልክቱ።

ደብሪቱ ከሕዝቡ መካከል ወጥታ መሬት ስማ ተነሣች።

«ጃንሆይ፣ ዘመዶቹ አይደሉም። እሱም አልነበረም። ችቦውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የወሰደውን እጅ አይቻለሁ።»

ሊቀ ምልክት አስራደ ራሳቸውን ያዙ። «አየች! ጃንሆይ፣ ሰሙልኝ? በአፏ አየሁ አለች!»

«ምን ዓይነት እጅ ነው?» አሉ ንጉሡ።

«ሥራ ያልነካው ነው። የትንሿ ጣቱ ጥፍር ረጅም ነው። ዛሬ ጠዋትም ያው እጅ ይሆናል፤ ወደ እኔ መስኮት ግን አልመጣም።»

«የማንን ምልክት ይዞ ነው የመጣው?»

«እሱን ማንም አያውቅም፣ ጃንሆይ። ምልክቱ ሁሉ አንድ ነው። የጠላ ቤቱ ይሁን፣ የሞተ ሰው ይሁን፣ ተመስሎ የተሠራ ይሁን፣ በጣት ሲዳሰስ ሁሉም ንስር ነው። በዚህ አገር ስንት ምልክት እንዳለም የሚያውቅ የለም።»

ንጉሡ ወደ ሊቀ ምልክቱ ዞሩ። «ስንት ነው?»

ሊቀ ምልክት አስራደ አጎነበሱ። «ጃንሆይ... የንጉሥ ቸርነት...»

«ስንት ነው አልኩህ?»

ሊቀ ምልክቱ ይበልጥ አጎነበሱ። ያን ጊዜ ከመኳንንቱ አንዱ ተነሥቶ፣ «እንግዲያው ሁሉም ዛሬውኑ ይሻር!» አለ። ጩኸት ሆነ። ሁሉም ከተሻረ እስከ ነገ ወዲያ የአገሩ ምድጃ በሙሉ ይጠፋል፤ በዚህ ውርጭ ሕፃንና ሽማግሌ ያልቃል። ካልተሻረ ደግሞ አቃጣዩ በእጁ እንደያዘ ነው። ገበሬዎቹ የቀረውን የሰፌድ ሜዳ እህል፣ የአርባ ቤት ምግብ፣ አንድ አውድማ ላይ ሰብስበው በዘብ ይጠብቁት ጀምረዋል፤ ግን ጭድ ነው፤ አንዲት ፍም ይበቃዋል።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉ ንጉሡ ደብሪቱን።

«ጃንሆይ፣ አዲሱ ሳይደርስ አሮጌው አይሙት። ከእንጨት ምልክት ይሠራ። እያንዳንዱ ለሁለት ይሰንጠቅ፤ ግማሹ በባለቤቱ ስም እኛ ዘንድ ይቀመጥ፣ ግማሹን ባለቤቱ ይያዝ። ሲመጣ እናጋጥመዋለን፤ ስንጥቁ ካልገጠመ የእሱ አይደለም። ለፍም የተሰጠ ችቦ አያውጣበት። ከክረምት ክረምት ይታደስ። የአንድ ሰው ቢጠፋ የእሱን ግማሽ እኛ እናቃጥላለን፤ የሌላው ሰው ምድጃ አይነካም።»

«እስከዚያስ?»

«ዘጠኝ ቀን አሮጌው ይሥራ። ግን ለፍም ብቻ፤ ችቦ አይሰጥበት። የመጣ ሁሉ የማን ቤት እንደሆነ ይጠየቅ። እኛም ፊታችንን ወደ ሰው እናዙር።»

«ንጉሥ የሰጠውን አይወስድም!» አሉ ሊቀ ምልክቱ። «ደግሞስ ይህች ሴት ሕግ አፍርሳ ሕግ ታወጣለች?»

ንጉሡ፣ «የሰጠሁትን የማላውቅ ከሆነ መስጠቴ አይደለም፤ መበተኔ ነው» አሉ። «ዘጠኙን ቀን መስኮቷ ላይ ትቀመጥ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይኗ እንነጋገራለን።»

እነዚያን ቀናት ያየ ሰው አይረሳቸውም። ሠላሳ አናጢ ከጠዋት እስከ ማታ ወይራ ሲፈልጥ ዋለ። ሰው በረድፍ ቆሞ ስሙን ሲናገር አፉ ይተሳሰር ነበር፤ በዚያ ቤት ተጠይቆ አያውቅማ። ምልክት በሃያና በሠላሳ የያዙ መኳንንት አገልጋይ እየላኩ ተቆጡ፤ «የእኛ ስም በመስኮት ይጠራል ወይ?» አሉ። የሞቱ ሰዎች ምልክት በመቶ ይመጣ ጀመር። የጠላ ቤቷ ባለቤት ራሷ መጥታ፣ «የእኔው ከሚስማሩ ላይ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ደንበኛ የወሰደው መስሎኝ ነበር» ብላ ተናገረች። ደብሪቱ ያ ምልክት በማን እጅ እንደገባ ገመተች። መዳቡ የሚሻረው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ አቃጣዩም ይህን ያውቃል።

በሰባተኛው ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ደረቅ ንፋስ ነፈሰ። የሰፌድ ሜዳ ዘቦች አቧራው ዓይናቸውን እያሳወራቸው ክምሩን ከበው ቆሙ። ረፋድ ላይ በደብሪቱ መስኮት የመዳብ ምልክት ገባ። ነጠላውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ነው።

«ችቦ» አለ።

«በመዳቡ ችቦ የለም። ፍም ብቻ ነው።»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ፍሙም ይበቃኛል» አለና ገሉን አስገባ።

ሕጉ ፍም ስጭ ይላል። እሷው ያወጣችው ሕግ ነው። ደብሪቱ መቆስቆሻውን አንሥታ ምድጃውን ነካች፤ ፍሙ ቀልቶ ተገለጠ።

«የማን ቤት ልበል?»

«ከባለ እጁ ቤት ነው የተላክሁት። ከሽበሺ።»

ያን ጊዜ ወደ እጁ አየች። ገሉን የያዘው እጅ ለስላሳ ነበር። ትንሿ ጣት ከገሉ ጠርዝ ወጣ ብላለች፤ ጥፍሯ እንደ ዛላ ረዝሟል።

ደብሪቱ መቆስቆሻውን ጥላ በሁለት እጇ አንጓውን ያዘችው። ሰውየው ወደ ኋላ ተነጨ። የመስኮቱ እንጨት ክንዷን ላጠው፤ አልለቀቀችም።

«ያዙልኝ!» ብላ ጮኸች። «ያዙልኝ! የሽበሺ ቤት እሳት አይገባም፤ እናንተው አጥፍታችሁታል!»

በረድፍ የቆመው ሰው መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ነጠላውን ከፊቱ ገፈፈችው፤ የባላባቱ የወንድም ልጅ ደምመላሽ ነበር። ብዙዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ሸክላ ሠሪዋ ግን ወገቡን እንደያዘች ቀረች፤ ኋላ ሌሎቹም ያዙት።

ሸንጎው አንድ ቀን አልፈጀም። ባላባቱ ለምኖ ነፍሱን አተረፈለት፤ ደምመላሽ ከወንዝ ማዶ ተሰደደ፤ ከርስቱ የወጣ እህል ለሦስቱ ገበሬዎች ተሰጠ። በዘጠነኛው ቀን የመዳቡ ምልክት ሁሉ ቀልጦ ደወል ተሠራበት። ሊቀ ምልክት አስራደ ግን ሹም ናቸውና አልወደቁም፤ በመሻገሪያዎች ላይ ተሾሙ። አሁን ወንዝ ለሚሻገር ሁሉ የነሐስ ምልክት ያድላሉ ይባላል። ስለ ደብሪቱ ዓይን ክርክር ሲነሣ ንጉሡ፣ «ዓይኗን የሰጣት ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «እግዚአብሔር ነው» ተባለ። «እንግዲያው እኔ አልወስድም» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ።

የሽበሺ ነጻነት በነጋሪት ተነገረ። አዲስ ምልክት ከነስሙ፣ ለወናፍ የሚበቃ እሳት የሚያስገኝ፣ በወታደር ተላከለት። ሽበሺ ተቀብሎ አገላብጦ አየውና መልሶ ሰጠው። በሦስተኛው ቀን ሚስቱን በበቅሎ ጭኖ፣ ሕፃኑን ራሱ ታቅፎ፣ ከአገሩ ወጣ። ማንም «አትሂድ» አላለውም፤ በምን አፉ ይበል?

ሰው የጎደለውን የሚያውቀው ሥራ ሲደርስ ነው። ዝናብ ጠብ ሲል ማረሻ ሁሉ ዶልዱሞ፣ የተሰበረው ተሰብሮ ቀረ። ባለ እጅ የለም። ሽበሺ የሰፈረበት አገር የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ግን የሚሄድ ሰው ጠፋ። በሬዎቹ ሥራ ፈትተው የቆሙበት ቢያድግልኝ እንኳ የተሰበረ ማረሻውን ይዞ ሊሄድ ይነሣና አፍሮ ከደጅ ይመለሳል።

ደብሪቱ አንድ ጠዋት ማረሻውን ከእጁ ተቀብላ በነጠላዋ ቋጠረችና ሄደች።

ሽበሺን በአንድ ዋርካ ሥር ወናፉን ተክሎ አገኘችው። ሚስቱ ከቤት ወጥታ ሳመቻት፤ ሕፃኑ ወፍሯል። ሽበሺ ተነሥቶ መቀመጫ ሰጣት። ማረሻውን ስትፈታው አንሥቶ አገላበጠው፤ የራሱን ሥራ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም።

«የወንድምዎ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ሦስተኛው ቅል የእሱ ነበር።»

«አዎ፣ የእሱ ነበር። በሸንጎ የመጀመሪያው ቀን ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሽበሺ ማረሻውን ፍሙ ውስጥ ከተተው። ሚስቱ ወናፉን ረገጠችለት። ብረቱ ቀላ፣ ተቀጠቀጠ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ በረደ። ደብሪቱ በመቀነቷ የቋጠረችውን ዋጋ ልትፈታ ስትል እጇን ያዛት።

«ተመለስ ልልህ ነው የመጣሁት» አለች።

«አውቄያለሁ።»

«ፍርዱ ተሽሯል። ምልክቱ በስምህ ተቀምጧል።»

«እትዬ፣ ምድጃዬን ያጠፋው ፍርድ አይደለም። ፍርድ ቅል አይዝም።» ማረሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። «ማን እንደሠራው ግን አይደብቁት። ይንገሩት።»

ሁለት ቀን ተመልሳ ተጓዘች። ማለዳ ስትደርስ ቢያድግልኝ ትመጣለች ብሎ በሬዎቹን ጠምዶ እርሻው ዳር ቆሞ ነበር። ማረሻውን ተቀብሎ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረው።

«ማን ሠራልሽ?»

«ሽበሺ» አለችው። «ሦስተኛው ቅል የአንተ እንደነበረ ያውቃል።»

ቢያድግልኝ ማረሻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ድንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ወጣች፤ የጎረቤት እርሻ በዶለዶመ ማረሻም ቢሆን እየታረሰ ጠቆረ። በሬዎቹ እንደተጠመዱ ቆሙ፤ «ና» የሚላቸው ሰው አልነበረም።